የፍላቂት ሰዎች መልክና በእኛ ላይ የቀረው ዕዳ

ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን አቀበት ወጥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚሻገር መንገደኛ ጋሸና ሲደርስ ከሁለት መንገድ አንዱን ይመርጣል። ወደ ቀኝ የሚገነጠለው ወደ ላሊበላ ይወስዳልና እንግዳ ሁሉ የሚቸኩለው ወደዚያ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ግን ወደ መቄት ይገባል፤ ይህንም መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናዎች ስለ ሠሩት የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። እኛም በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ከፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራችን የዓመት ፈቃድ ተቀብለን በዚህ በሁለተኛው መንገድ ሄድን፤ ማረፊያችንም ፍላቂት ሆነች።

የሄድንበት ጉዳይ የፎቶግራፍ ልምምድ ነበር። ይህ ሥራ ለእኛ እንጀራ አይደለም፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንድ መምህር የያዙትን ካሜራ አይተን ያደረብን፥ ዕድሜያችን አርባን ካለፈ በኋላም ያልለቀቀን ፍቅር ነው። አንድ ካሜራና አንድ ሌንስ ገዝተን በአዲስ አበባ የጎረቤትን ሕፃንና የግቢያችንን አበባ ስናነሣ ብዙ ጊዜ ቈየን። አበባው ምንም አላለንም፤ ሕፃኑ ግን ካሜራውን ባየ ቍጥር መሸሽ ጀመረ። ስለዚህ የደጋውን ሰው በመልኩና በዕለት ሥራው እናንሣ ብለን ወጣን። ላሊበላን ያልመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ቆሞ የጣራውን መስቀል ያላነሣ እንግዳ የለምና እኛ የምንጨምርበት ነገር አልታየንም።

ፍላቂት በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች፥ የቆርቆሮ ክዳን ቤቶችና ባሕር ዛፍ ያሏት ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ስለምትበልጥ በጥር ሌሊት ውርጩ ይበረታል፤ ጧት ሰው ሁሉ እስከ አፍንጫው በጋቢ ተጀቡኖ ከፀሐይ ፊት ይቆማል። ዙሪያዋ የገብስና የባቄላ እርሻ ነው። ሜዳው ማለቂያ የሌለው ይመስልና ድንገት ከእግር ሥር ገደል ይሆናል፤ በገደሉም አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ተሰልፈው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። የደጋው በግ ጠጕራም ነውና ጠጕሩ ተፈትሎ ባና ይሠራበታል፤ እኛም በማረፊያ ቤታችን ሁለት ባና ደርበን ተኝተን ብርዱን በግማሽ ብቻ አሸነፍነው።

ከምድጃ ዳር ተቀምጠን ስናወጋ፥ በዚህ ደጋ ካሜራ ይዘን የመጣን የመጀመሪያ ሰዎች እንደ ሆንን አድርገን መናገር ዳድቶን ነበር። ነገሩ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቁን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በጨጨሆ፥ በዘቢጥና በዋድላ በኩል መንገድ እያስጠረጉ አልፈዋል። በዚያው በ1860 ዓ.ም. ከሰሜን የመጣው የእንግሊዝ ጦር ደግሞ የላስታን ተራራ አቋርጦ በዋድላ ወደ ደላንታ ተሻገረ። ከጦሩ ጋር የነበሩት መሐንዲሶች የፎቶግራፍ ዕቃ ጭነው ይጓዙ ነበር። ዋናው ሥራቸው ካርታና ንድፍ ማባዛት ቢሆንም አገሩንና ሰዉንም አንሥተዋል። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚያዘው በመስታወት ላይ ሲሆን፥ መስታወቱም መድኀኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ ነበረበት። ዛሬ አንድ ጣት ተጭነን የምንጨርሰውን እነርሱ በጨለማ ድንኳን ውስጥ በላብ ይሠሩት እንደ ነበረ ስናስብ ባናችንን አጥብቀን መያዛችን አሳፈረን።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ። ልጁ እንግሊዝ አገር በደረሰ ጊዜ ዋይት በምትባል ደሴት ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባሉ ሴት ፎቶግራፉን አነሡት። ወይዘሮዪቱ እንደ እኛ ጀማሪ ነበሩ ብንል ድፍረት ይሆንብናል፤ ነገር ግን ካሜራ የያዙት በ48 ዓመታቸው፥ ልጃቸው በስጦታ ሰጥታቸው ነው። የዶሮዎቻቸውን ቤት በመስታወት አሠርተው የፎቶግራፍ ቤት፥ የከሰል ማስቀመጫውን ደግሞ ጨለማ ክፍል አደረጉት። በዘመኑ የነበሩ ዐዋቂዎች ሥዕልዎ ደብዛዛ ነው እያሉ ይነቅፏቸው ነበር። የልዑል ዓለማየሁ ሥዕል ግን አለ፤ ያየው ሰው ሁሉ የልጁን ዐይን አይረሳም። ልጁ በ18 ዓመቱ፥ በ1872 ዓ.ም. በባዕድ አገር ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የራስ ጠጕሩ ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመልሷል፤ ዐፅሙ ግን አሁንም እዚያው ነው። ሥዕሉን ለማየት ከሁሉ ይልቅ የሚገባት እናቱ እንደ ነበረች እናስባለን፤ እርስዋም በሥዕሉ ጊዜ በሕይወት አልነበረችም።

በአገራችን ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉ አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰው ነገሥታቱንና መኳንንቱን አነሡ። ከአንባቢዎቻችን መካከል በእልፍኙ ግድግዳ ላይ ካባ የለበሱና ጐራዴ የታጠቁ የአያቱ ፎቶግራፍ የተሰቀለለት ሰው ጥቂት አይሆንም። በፍላቂት ዙሪያ በገባንባቸው ቤቶች ግን የአያት መልክ የሚኖረው በሽማግሌ ምላስ ብቻ ነው፤ «ቁመቱ እንዲህ፥ ግንባሩ እንዲህ፥ ሲቈጣ እንዲህ» እየተባለ ይተረካል።

አሁን ወደ ሙከራችን እንመለስ። የመጀመሪያውን ቀን ገበያ ውስጥ በቀትር አነሣን፤ ካነሣነውም ውስጥ ለሰው የሚታይ አንድም አልተገኘም። ምክንያቱን ያገኘነው ማታ ተቀምጠን ስንመረምር ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ደምሮ አመዳም እንዲሆን ይፈልጋል። የደጋ ሰው ነጭ ጋቢ ለብሶ በፊቱ ሲቆም መለኪያው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ያንጊዜ ጋቢው አመድ፥ ፊቱም ከሰል ይሆናል። መለኪያውን ከፊት ላይ ብቻ ብንወስድ ደግሞ ፊቱ ደኅና ሆኖ ጋቢው እንደ በረዶ ነጽቶ ጥለቱ ይጠፋል። በዚህ ላይ የደጋው አየር ስስ፥ ፀሐዩም ስለታም ነውና ቀትር ላይ ከጥምጥም በታች ያለው ዐይን ሁሉ ጥላ ይሞላበታል። ገበያተኛውን ሁሉ ዐይን አልባ አድርገን ማለፋችን ይቅር የሚባል አይደለም፤ የገብስ ነጋዴዎቹ ግን ሥዕላቸውን ባያዩት ደኅና ሆነ።

መፍትሔውን ያገኘነው በዕውቀት ሳይሆን ቡና ተጠርተን ነው። የቤቱ ባለቤት ከመድረኩ ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብለው ወደ ደጅ ዞረው ተቀምጠው ነበር። ቤቱ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ፀሐዩ አይነካቸውም፤ ሰማዩ ግን ፊታቸውን ያበራዋል። ከኋላቸው ያለው ጨለማ ነው፥ የምድጃው ጢስም በዝግታ ይወጣል። ጋቢውም ፊታቸውም እንደ ተፈጥሮው ሆኖ ታየ፤ ጥለቱ ክር በክር ይቈጠር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው መልክ ስናነሣ በር ፍለጋ መሄድ ሆነ ሥራችን።

የዕለት ሥራን ማንሣት ግን ከብርሃን ይልቅ ሌላ ነገር ከለከለን። አንዲት ሴት ኩበት በጀርባቸው ተሸክመው ሲመጡ መንገዱና ሰማዩ አምሮልን ካሜራውን አነሣን። ሴትዮዋ ቆሙና፥ «ኩበት ተሸክሜ ልታነሣኝ ነው? ለማንስ ልታሳየኝ ነው?» አሉን። እኛም ለራሳችን ነው ብለን መለስን። «እንግዲያው እቤት መጥተህ ለብሼ አንሣኝ» ብለው አለፉ። ያንጊዜ ቅር አሰኝቶን ነበር፤ ፎቶግራፍ የሚማር ሰው ሁሉ «እንዳለ ያለውን አንሣ» እየተባለ ስለሚመከር፥ ሰዉ ሁሉ ለፎቶግራፍ መልበሱ እውነትን የሚደብቅ ይመስለን ነበር።

ማታ ስናስበው ግን ሴትዮዋ የጠየቁን ጥያቄ እንደ ቀላል የሚታለፍ አልሆነም። ይህን አገር ዓለም የሚያውቀው በሥዕል ነው፤ ሥዕሉም የረኃብ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ በቴሌቪዥን አሳየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን፥ በዚያን ጊዜ በወሎ ሥር ከነበረችው ከኮረም ያነሣው ፊልም ዓለምን ሁሉ አስለቀሰ። እነዚያ ሥዕሎች እህልና መድኀኒት አስመጥተዋል፥ የሰውን ነፍስም አድነዋልና ክፉ ነበሩ የሚል ሰው አይገኝም፤ እኛም አንልም። ሆኖም በዚያ ሜዳ ላይ የተነሣ ሰው ሥዕሉን አላየም፥ እንዴት አድርገህ አንሣኝ ለማለትም ጊዜ አልነበረውም። ሴትዮዋ ለብሼ አንሣኝ ማለታቸው ከእውነት መሸሽ አይደለም፤ ይልቁንም በራሳቸው መልክ ላይ ራሳቸው መስካሪ ለመሆን ነው። በማግሥቱ ቤታቸው ሄደን፥ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሰው፥ ልጆቻቸውን ፊት አሳጥበውና ቅቤ ቀብተው፥ በበሩ ብርሃን አነሣናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማሩን ግን አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ በጎን በኩል ልናነሣቸው ስንሰናዳ፥ «አንተ ልጅ፥ ይሁዳ አድርገህ ልትሥለኝ ነው?» ብለው ተቈጡ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደግን ሆነን ሳለ ይህን መርሳታችን አሳፈረን። በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊት ለፊት፥ ሁለት ዐይናቸው ታይቶ ይሣላሉ፤ ዲያብሎስ፥ ይሁዳና ጌታን የሰቀሉት ወታደሮች ግን በጎን፥ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ስለዚህ ሽማግሌው ሁለት ዐይናቸውን ወደ ካሜራው አቅንተው፥ ዘንጋቸውን ይዘው፥ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ካነሣን በኋላ «አሳየኝ» አሉን፤ በካሜራው ጀርባ ያለውን ትንሹን መስታወት አሳየናቸው። ረጅም ጊዜ አይተው፥ «ጥምጥሜ ዘመመ፤ እንደ ገና» አሉ። በሦስተኛው ጊዜ፥ «አዎ፥ እኔ ነኝ» አሉ።

በፍርድ ቤት የምስክርን ቃል ጽፈን ስንጨርስ መልሰን እናነብለታለን። ያላለውን ጽፈን እንደ ሆነ ያርመናል፤ ትክክል ነው ካለ በኋላ ይፈርማል፥ መጻፍ የማይችለውም በጣቱ ያትማል። ሽማግሌው «አዎ፥ እኔ ነኝ» ባሉ ጊዜ ያየነው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ያደረግነውን እንናዘዝ። ሽማግሌው በአውድማው ዳር መንሻቸውን ተደግፈው በሬዎቹን ሲያዩ፥ ነፋሱም እብቁን በፀሐዩ ውስጥ ሲያስነሣው አየን። በጎን ነበሩ። ሳይነገራቸው አነሣናቸው፤ መልሰንም አላሳየናቸውም። በዚያ ጉዞ ካነሣነው ሁሉ እጅግ ያማረው እርሱ ነበር።

ስንሰናበት ለሁሉም «ለፋሲካ ታትሞ ይደርሳችኋል» ብለን ቃል ገባን። ቀጠሮ ምን እንደ ሆነ ከእኛ ከፍርድ ቤት ሰዎች በላይ የሚያውቅ የለም። በመጋቢት የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገባ፤ ከዚያ በኋላ ጦርነት ተነሣ፥ በ2013 ዓ.ም. ክረምትም ወደ ሰሜን ወሎ ደረሰ፥ በጋሸና መንገድም ብዙ ደም ፈሰሰ። እነዚህን ሁሉ ለማመካኛ ደርድረን ለራሳችን ስናቀርብ ቈየን። ግን ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ሁለት ወር መንገዱ ክፍት፥ አውቶቡሱም በየቀኑ የሚሄድ ነበር። በነዚያ ሁለት ወራት ያተምነው አንዱን ብቻ ነው፤ ያም የአውድማው ሥዕል ሲሆን ትልቅ አድርገን አሳትመን በእንግዳ መቀበያችን ሰቀልነው። እንግዶችም ያደነቁን ነበር።

ከሰላሙ ስምምነት በኋላ በጥር 2015 ዓ.ም. ሁሉንም አሳትመን በፖስታ አድርገን ወደ ፍላቂት ተመለስን። ኩበት ተሸካሚዋ ሴት የልጆቻቸውን ሥዕል ሲያዩ ሳቁ፤ ልጆቹ በሦስት ዓመት አድገው ስለ ነበር ትልቁ ልጅ ራሱን ሳያውቀው «ይኸ ማን ነው?» አለ። የሽማግሌው ቤት ስንደርስ ግን ባለቤታቸው ጥቁር ለብሰው አገኘናቸው። ሽማግሌው ባለፈው ዓመት በሕመም ዐርፈዋል። በለቅሶው ቀን በአልጋ ላይ የተዘረጋው ጋቢያቸውና ዘንጋቸው ነበር፤ አልቃሹም ወደ ጋቢው እያየ አለቀሰ። በአሁኑ ጊዜ በገጠርም ቢሆን የሟች ፎቶግራፍ በለቅሶ መካከል መያዝ የተለመደ ነው፤ እርሳቸው ግን ፎቶግራፍ አልነበራቸውም።

ፖስታውን ሰጠናቸው። ፊት ለፊት የተነሡትን አውጥተው ሳሙት፥ በነጠላቸው ጠርዝ ጠረጉት፥ ደግመው ሳሙት። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ሳያነሡ፥ «ልጄ፥ ይህ ሁሉ ጊዜ አንተ ዘንድ ነበር?» አሉን። አዎን፥ እናቴ፥ ከማለት ሌላ መልስ አልነበረንም።

ሁለተኛውን፥ የአውድማውን ሥዕል፥ ጥቂት አይተው መለሱልን። «ይኸኛው እርሱ አይደለም» አሉ። መንሹን፥ በሬዎቹን፥ አውድማውን አመለከትናቸው። «በሬዎቹስ የእኛ ናቸው፤ እርሱ ግን ሰውን እንዲህ አያይም ነበር» አሉና ወደ ፖስታው እንድንመልሰው በእጃቸው አሳዩን። አዲስ አበባ ስንገባ የመጀመሪያው ሥራችን ያን ትልቁን ሥዕል ከግድግዳው ማውረድ ሆነ፤ የወረደበት ቦታ አሁንም ባዶ ነው።

ልንነሣ ስንል እናቲቱ ካሜራውን ይዛችኋልን ብለው ጠየቁ። ከባላቸው ጋር ዐርባ ዓመት ሲኖሩ አንድ ቀን አብረው ተነሥተው አያውቁም ነበር። በበሩ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብለው ተቀመጡ፤ ሥዕሉን በጕልበታቸው ላይ አቆሙት። ወረቀቱ አብረቅራቂ ስለ ነበረ የሰማዩ ብርሃን የሽማግሌውን ፊት ሸፈነው፤ ጥቂት ወደ ፊት እንዲያዘነብሉት ለመንናቸው። አዘነበሉት፤ ፊቱም ታየ። ከዚያ እርሳቸው ቀና ብለው ሁለት ዐይናቸውን ወደ እኛ አቀኑ። አንሥተን ስናበቃ ትንሹን መስታወት አሳየናቸው። «ጋቢው ትንሽ ተሸበሸበ» አሉ፤ የትኛው ጋቢ እንደ ሆነ አልጠየቅናቸውም። ደግመን አነሣን። ያን ሥዕል በዚያው ሳምንት አሳትመን በወልድያ አውቶቡስ ላክነው።